ሰባት መምህር፣ አንድ ደብተር

በእኛ አገር፣ ከቡይት ራስ እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ትምህርት ቤት በዓመት ሦስት ጊዜ ይከፈታል። መጀመሪያ የሚከፍተው ሬዲዮ ነው። ነሐሴ ሲያልቅ ምዝገባ፣ መስከረም ሲጠባ ትምህርት መጀመሩን ይናገራል፤ አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «እሰይ፣ ተከፈተ!» ብሎ ድንጋዩ እንዳያልቅበት ሬዲዮኑን ጥርቅም ያደርገዋል። በዚህ የተነሣ ከቤቱ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን የለም። ሁለተኛ የሚከፍቱት መምህራን ናቸው። ክረምቱን ግቢውን የወረሰውን ሣር ያሳጭዳሉ፣ የስም ዝርዝር ይጽፋሉ፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቅላሉ፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ ይደበድባሉ። ከፊታቸው የሚሰለፈው ግን የመንገድ ዳር ልጅና የዘበኛው ልጅ ብቻ ነው። ሦስተኛውና እውነተኛው መክፈቻ የጭላዳ ነው። ጭላዳ ከገብሳችን ላይ ዐይኑን ሲያነሣ፣ ያን ጊዜ ትምህርት ተከፈተ ይባላል።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለችውን ቀይ መላጣ ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ ድረስ ይመጣለታል። ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ብቅ ይላል፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተመልሶ ይወርዳል። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት በማክበር የሚስተካከለው የመንግሥት ሠራተኛ አላየሁም። ጉዱ ያለው የእሱ ሰዓትና የትምህርት ቤቱ ሰዓት አንድ መሆኑ ላይ ነው። መስከረምና ጥቅምት ገብሱ ማሸት ሲጀምር ደግሞ፣ ሣር በል የተባለው ፍጥረት ገብስም ሣር ነው ብሎ ይነሣል። በሳይንሱ አልተሳሳተም። ገብስ ከሣር ወገን እንደሆነ እኛ ክፍል ቆጥረን ነው የደረስንበት፤ እሱ ሳይመዘገብ ያውቀዋል።

መምታት ደግሞ ክልክል ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድ ጊዜ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ጭላዳውም አብሮ ተከበረ። ስለዚህ የቀረን ማባረር ነው፤ ማባረር የልጅ ሥራ ነው። ማማ ላይ ትወጣለህ፣ ጅራፍ ታጮሃለህ፣ በወንጭፍ ከፊቱ መሬቱን ትመታለህ። እሱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን እስከ ድዱ ያሳይሃል፤ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ዞር ስትል ይመለሳል። ይህን ሥራ አዋቂ አይሠራውም፤ አዋቂ ይሰለቸዋል።

አምስተኛ ክፍል የገባሁ ዓመት በቤታችን የነበረው ክርክርም ይኸው ነበር።

«ኧረ አንቱ፣ ልጁ ከክፍሉ ሊቆረጥ ነው» ትላለች እናቴ።

«ከመስቀል በኋላ ይሄዳል።»

መስቀል ይመጣል፣ ደመራ ይቃጠላል፣ ዳቦው ይበላል። «ምነው፣ መስቀል አለፈ እኮ?»

«ጭላዳው መች አለፈ?»

እስከ አራተኛ ክፍል ይህ ዓይነቱ መዘግየት ብዙ አያስቸግርም ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎ ለሁለት እርከን ከፍሎት ነበር፤ ከ1 እስከ 4 የመጀመሪያው፣ ከ5 እስከ 8 ሁለተኛው። በመጀመሪያው እርከን አንድ መምህር ሁሉንም ያስተምራል፤ መምህራን «ሰልፍ ኮንቴንድ» ይሉታል። አማርኛው እሱ ነው፤ ሒሳቡ እሱ ነው፤ ኳስ የሚያጫውተው እሱ ነው፤ «ነገ አባትህን ይዘህ ና» የሚለውም እሱ ነው። ከቀረህ የቀረኸው ከአንድ ሰው ነው፤ ምክንያቱን የምትነግረውም ለአንድ ሰው ነው። «ገብስ ስጠብቅ ነው» ብትለው፣ ከጎረቤትህ እኩል መሬት ተከራይቶ ያርሳልና ነገሩ ይገባዋል። እንዲያውም «የእኔንስ አይተህልኛል?» ይልሃል።

አምስተኛ ክፍል ስንገባ ግን ጉድ ፈላ። በዚያን ጊዜ በአቅራቢያችን ያለው ትምህርት ቤት ከአራት አያልፍም ነበርና ስንቅ ተቋጥሮልኝ ወደ ከተማ ወረድኩ። የመጀመሪያው ቀን አንድ መምህር ገብቶ አስተማረ፤ ቸርኬው ተመታ፤ ወጣ። እኛ ትምህርት አለቀ ብለን ጋቢያችንን ሰብስበን ተነሣን። በሩ ላይ ሌላ መምህር ሲገባ ተገጣጠምን።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት።»

«ተቀመጡ! የሳይንስ መምህራችሁ እኔ ነኝ።»

ተቀመጥን። እሱም በአርባ ደቂቃው ወጣ፤ ሌላ ገባ። እንዲህ እያለ ሰባት ደረሰ፦ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ የተቀናጀ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥነ ዜጋ፣ ሰባተኛው ደግሞ ስፖርቱንም ሙዚቃውንም ሥዕሉንም ጠቅልሎ የያዘ። ሰባቱም የጀመሩት በአንድ ዓይነት ንግግር ነበር፤ ተማክረው የመጡ ነው የሚመስሉት። የሒሳብ መምህሩ ሒሳብ የማይችል ሰው ገበያ ላይ የሰው መጫወቻ እንደሚሆን አስረዳን። የአማርኛው ቋንቋ ያላወቀ ሒሳቡን በምን ሊያነብ ነው አለ። የሳይንሱ ያለ አየር ማን ቋንቋ ተናግሮ ያውቃል አለ። የሥነ ዜጋው ሕግ በሌለበት አየሩም የጉልበተኛ ነው አለ። ሰባተኛው ሁሉንም ሰምቶ እንደ መጣ ሁሉ፣ ጤና ሳይኖር ምንም የለም ብሎ ሜዳውን አምስት ዙር አስሮጠን። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። ለእኛ ለቡይት ራስ ልጆች ቆላ የወረድን ያህል ነበርና ሩጫው አልከበደንም። መምህሩ ግን ከእኛ ጋር ሁለት ዙር እንደሮጠ ፊሽካ መንፋት አቅቶት ተቀመጠ፤ ከቆላ ተዛውሮ የመጣ ነበር።

ንግግሩ ሲያልቅ ሁሉም አንድ ትእዛዝ ሰጡ፦ ለየትምህርቱ ለብቻው ደብተር፣ ለክፍል ሥራ ሌላ፣ ለቤት ሥራ ሌላ። ደምሬ ስጨርስ የሒሳብ መምህሩ ስለ ገበያ የነገረን ገባኝ። እኔ የያዝኩት አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበር። አባቴ ያንኑ ሲገዛልኝ ባለ ሱቁን «ከዚህ የሚወፍር የለም?» ብሎ ነበርና፣ በእኔና በእሱ ዘንድ የደብተር ጉዳይ የተዘጋ ነበር። በሳምንቱ ስንቅ ልወስድ ስመለስ ነገርኩት።

«ስንት ነው ያልከኝ?»

«ሰባት። ከክፍልና ከቤት ሥራው ጋር ይበልጣል።»

አባቴ ጭንቅላቴን ከግራም ከቀኝም አገላብጦ አየው። «ራስህ አንድ አይደለም እንዴ?» አለና ጉዳዩ በድጋሚ ተዘጋ።

እንግዲህ ያችን ደብተር ለሰባት ማከፋፈል የእኔ ፈንታ ሆነ። ከፊት ሲገለጥ ሒሳብ፤ ገልብጠው ከኋላ ሲጀምሩ ሳይንስ፤ መሐል ሽቦው ካለበት ወደ ቀኝ አማርኛ፣ ወደ ግራ እንግሊዝኛ፤ ኅብረተሰብና ሥነ ዜጋ ከአማርኛው ጀርባ በጥገኝነት። ሰባተኛው ምንም አልደረሰውም፤ ሩጫ አይጻፍም። ድንበሩን በእስክሪብቶ አሰመርኩት። ሽፋኑ የሲሚንቶ ወረቀት ነበር፤ ያኔ የሁላችንም ሽፋን እሱ ነው። ወረቀቱ ሲቆረጥ «50 ኪ.ግ» የሚለው ማኅተም ልክ ፊት ለፊት ላይ ዋለ። የሒሳብ መምህሩ ደብተሬን አንሥቶ መዘነና «ክብደቱስ ተጽፏል፤ ዕቃው የታለ?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መምህር ሲቀልድ አለመሳቅ በዲሲፕሊን ያስጠይቃል።

ድንበሩ እስከ ገና አካባቢ ተከበረ። ከዚያ ሳይንሱ ተስፋፊ ሆነ። የተክል ክፍሎች የሚባል ምዕራፍ ጀመርን፤ መምህሩ ሥዕል ይወዳል፤ ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ አበባ እያለ በሙሉ ገጽ ያስሥለናል። በሌላ በኩል ሒሳቡ በክፍልፋይ እየጋለበ መጣ። አንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ ተገናኙ፤ ከላይ በቀኝ የባቄላ ተክል ቆሟል፣ ከሥሩ በተገላቢጦሽ ሦስት አራተኛ ሲደመር ሁለት አምስተኛ። የሒሳብ መምህሩ እርማት ላይ ነበርና ደንቡን ሳያጓድል ባቄላው ላይም ትልቅ ኤክስ አደረገበት፤ ከአሥር ዜሮ። የሳይንሱ መምህር ያንን አይቶ «ምኑ ነው የተሳሳተው? እኔ እኮ ነኝ ያስሣልኩት!» ብሎ ተናደደ። ሁለቱ መምህራን በዚህ ጉዳይ በእረፍት ሰዓት ሲነጋገሩ ታዩ። ባቄላዬ ዜሮውን እንደያዘ ቀረ።

ይህ ክፍፍል አንድ ያልታሰበ ጥቅም ግን ነበረው። የሒሳብ መምህሩ ደብተር ለእርማት ሲሰበስብ፣ የሚሰበስበው የሰባት ሰው ደብተር ነው። ከዚያ በኋላ የሚገባ መምህር ሁሉ «ደብተርህን አውጣ» ሲል መልሱ አንድ ነው፦ «ሒሳብ መምህር ጋር ነው።» እውነት ስለሆነ ማንም ሊቀጣን አልቻለም። ሰባት ደብተር ያላቸው የነጋዴ ልጆች ቀንተው ይህንኑ ማለት ጀመሩ። የሒሳብ መምህሩ መኖሪያ ቤት ጠባብ ነበር፤ ከደብተሩ ብዛት የተነሣ አልጋው ሥር ተጨናንቆበት ሳያርም መመለስ ጀመረ።

እንግሊዝኛን በተመለከተ እኛ ከሌላው ቀድመን ነበር። በፓርኩ መንገድ ዳር ያደገ ልጅ እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ አይጀምርም። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የሚጀመረው የቱሪስት ወቅትም እንደ ጭላዳው መስከረምን አይለቅም። ባለ በቅሎው በቅሎውን ይጭናል፣ ስካውቱ ጠመንጃውን ያነግታል፣ ልጁ ባርኔጣና ሰፌድ ይዞ መንገድ ዳር ይሰለፋል። ለትምህርት ቤት ሰልፍ የጠፋው ልጅ እዚያ ከነሙሉ ረድፉ ይገኛል። «ሄሎ! ፔን! ፔን!» ይላል፤ እስክሪብቶ የሚያስፈልገው ትምህርት ቤት ሊሄድበት ነው፤ ትምህርት ቤት ያልሄደው እስክሪብቶ ሲጠብቅ ነው።

ታዲያ የእንግሊዝኛ መምህራችን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከኪሱ ቢክ እስክሪብቶ አወጣና ከፍ አድርጎ ይዞ «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» አለ። ከኋላ የተቀመጥነው የእኛ ሰፈር ልጆች ባንድ ላይ እጃችንን ዘረጋን። መምህሩ ተሳትፎ መስሎት ደስ አለው። «ቬሪ ጉድ! አንተ!» ብሎ ከመካከላችን አንዱን ጠራ። ልጁ ተነሥቶ በዴስኮቹ መካከል አልፎ ሄደና እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀበለ፤ «ታንክዩ» ብሎ በወጉ ጎንበስ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። እንግዲህ በዚህ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት የለም። በዚያ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ተናግሮ ውጤት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ያ ልጅ ነው። መምህሩም ነገሩን ዘግይቶ ተረድቶ ከእኛ ጋር ሳቀ። እስክሪብቶውን ግን መልሶ አልተቀበለውም፤ ሸላሚ ሰው ነበር። ሰባተኛ ክፍል ላይ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ «ሄሎ ፔን» ለፎቶሲንተሲስ እንደማይበቃ ያየን ጊዜ ያንን ሳቅ ናፍቀነዋል።

ከሰባቱ ሌላ ስምንተኛ አለቃም ነበረችን፤ ቤት ያከራየችን እትዬ። አራት ሆነን በተከራየናት ክፍል ውስጥ አንድ መደብ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ኩራዝ አለ። ከቤት የሚመጣው ስንቅ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ በሶና ሽሮ ነው። ሰኞ ድግስ ነው፤ ረቡዕ ልክ ነው፤ ዐርብ ላይ ቆሎው ይቆጠራል። እትዬ በኩራዝ የምናነብበትን ሰዓት ትቆጣጠራለች፤ «ዐይናችሁ ይጥፋ እንጂ ቤቴን ልታቃጥሉት ነው!» ትላለች። ዐርብ ከቀትር በኋላ ያለው የሥነ ዜጋ ትምህርት ስለ ኃላፊነት ሲያስተምር፣ ግማሹ ክፍል ጆንያውን አጣጥፎ በመስኮት የአገሩን መንገድ ያያል። ሰኞ ጠዋት አንደኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ባዶ ነው፤ ስንቅ የተሸከመ ልጅ ዳገት ላይ ነው። ድልድሉን የሚያወጣው ሰው ሰኞ ጠዋት ላይ የሚያስቀምጠው መምህር ሁልጊዜ የተጣላውን ነበር እየተባለ ይታማል።

ዩኒፎርም አስገዳጅ ነበር፤ ነገር ግን በኅዳር ውርጭ የጠዋት ሰልፍ ላይ ከጋቢ ውስጥ ማን ምን እንደለበሰ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሁላችንም ከሩቅ ነጭ ለባሽ ስለሆንን ደንቡ ተከብሯል።

ወላጅ ይምጣ የተባለ ቀን አባቴ በጎበዝ አለቃ አለባበስ መጣ። ሰባቱ መምህራን በተራ ተቀበሉት። አንዱ ይዘገያል አለ፣ አንዱ ደብተር የለውም አለ፣ አንዱ የቤት ሥራ አይሠራም አለ፣ አንዱ ሲጠየቅ «ሒሳብ መምህር ጋር ነው» ይላል አለ። አባቴ ለሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። መጨረሻ ላይ ተነሣና፣ «ጌቶቼ፣ እኔ የላክሁላችሁ አንድ ልጅ ነው። ፈላጊው ብዙ ከሆነ ተመካከሩና ተካፈሉት፤ ጭላዳውም ድርሻ አለው» አላቸው። ርዕሰ መምህሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። ከዚያ በኋላ የክፍል ኃላፊ የሆነው መምህር ደብተሩን በተመለከተ ለሁላችንም «ባለህ ጻፍ» የሚል ውሳኔ አስወሰነልን።

አንዱ ነገር ግን አያስቀኝም። መስከረም ላይ ከእኛ ጋር የተመዘገቡት ሴቶች ልጆች ከጥምቀት በኋላ ይጎድሉ ነበር። ጥር የሠርግ ወር ነው። መምህሩ ስም ሲጠራ ከጎን ያለች «አግብታለች» ትላለች፤ እሱም ስሟን ይሰርዝና ወደ ቀጣዩ ያልፋል። አሥራ ሁለት ዓመት ባልሞላት ልጅ ስም ላይ መስመር ማስመር ለማንም መምህር ቀላል መሆን አልነበረበትም።

ዛሬ ሥርዓቱ ተለውጧል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃን ስድስት ዓመት፣ 7ኛና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ አድርጎታል፤ ስድስተኛ ክፍልም የክልል ፈተና አለው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ፤ ልጆቻቸው ከገብስ ጥበቃ ተገላገሉ፤ ከገብሱም ጭምር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ጭና ድረስ ደርሶ፣ ደባርቅ ውስጥ የመማሪያ ክፍሎች የተፈናቃይ ማደሪያ ሆነው ነበር። ከዚያም ወዲህ በክልላችን ቸርኬው ሳይመታባቸው መስከረም የሚያልፍባቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች አሉ። «ከመስቀል በኋላ» የሚለው የአባቴ ቀጠሮ ዛሬ የሚያስመኝ ሆኗል፤ እሱ ቢያንስ መስቀልን ያውቅ ነበር።

ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች አንድ ነገር ልበል። የትምህርት ካላንደር ስታወጡ አንድ ቀን ማማ ላይ ውጡና ገብሱን እዩት። ዘግይቶ የሚመጣ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ነበር፤ ስሙን ከዝርዝሩ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። ወላጆች ሆይ፣ በዚህ መስከረም አምስተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ካላችሁ ደብተሩን በልጁ ራስ ልክ ሳይሆን በመምህሩ ቁጥር ግዙለት። ከቻላችሁ ለሰባተኛውም ጨምሩ፤ አሁን ሩጫም ይጻፋል አሉ።